ሃያ ሰው ለምን ከቤቱ ወጣ?

እንግሊዝኛን የሚያህል ወሬ ፈላጊ ቋንቋ አላየሁም። የእኛ አማርኛ ሰውን አምኖ ይተወዋል። «እትየ እንትና ወጡ» ካልክ ወጡ ነው፤ በሩ ተዘጋ፣ ነገሩ አለቀ። እንግሊዝኛ ግን እንደ ሰፈር አሉባልተኛ ክንድህን ይዞ «ወጡ? ምን ሊያደርጉ?» ይልሃል። ይህን ጠባዩን ቀድሜ አውቄ ብሸሸው ኖሮ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር አንዱም አይደርስብኝም ነበር።

ማን እንደሆንኩ ላስተዋውቃችሁ። ላሊበላ መጥታችሁ ከሆነ ተገናኝተናል፤ ፊቴን ግን አላያችሁትም፣ ጎንበስ ብዬ ነበርና። ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ በር ላይ ጫማችሁን ስታወልቁ ተቀብሎ፣ ስትወጡ ቶሎ እንድታጠልቁት አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ የሚያስቀምጠው ሰው እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት የዓለምን ጫማ ጠብቄአለሁ። የሰው ፊት ይምታታብኛል፤ ጫማ ግን አይምታታብኝም። ወገቤ ቀና እንዲል ብዬ አስጎብኚ ልሁን አልኩ። ለአስጎብኚነት ደግሞ በእንግሊዝኛ የቃል ፈተና አለ፤ የእኔ ሰኞ ጠዋት ነበር።

የሚያስተምሩን መምህር ታረቀኝ ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል። ወገባቸውን ስለሚያማቸው ጠዋት ጠዋት ጠበል ይሄዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ስድስታችንን በረንዳቸው ላይ ሰብስበው እንግሊዝኛ ያጠምቁናል።

«የእኛ ዓረፍተ ነገር» አሉ ረቡዕ ዕለት ጠመኔያቸውን ይዘው፣ «ሰው አስጠባቂ ነው። ባለቤቱን ያስገባና ቦታውን፣ ምክንያቱን፣ ሁሉን ደርድሮ ግሱን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል። ሰሚው እስከዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ፈረንጅ አይጠብቅም። ማን? ምን አደረገ? እነዚህን መጀመሪያ ይፈልጋል። ለምን እንዳደረገው ከኋላ ይከተላል።»

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ጻፉና አነበቡልን፤ «ሺ ወንት ቱ ዘ ማርኬት ቱ ባይ ሶልት።» ወደ ገበያ ሄደች፣ ጨው ልትገዛ። ሁለት «ቱ» አሉበት። የመጀመሪያው ሴትየዋ የት እንደምትደርስ ይናገራል፤ ሁለተኛው ለምን ከቤቷ እንደተነሳች ያጋልጣል። ከሁለተኛው ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ደግሞ ጊዜ የለው፣ ባለቤት የለው፤ ትናንትም ይሁን ነገ፣ እሷም ትሁን እነሱ፣ «ባይ» ያው «ባይ» ነው። ራቁቱን ይቆማል።

«ለምን ራቁቱን?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ገና ስላልሆነ ነዋ!» አሉ መምህር። «ጨው ልትገዛ ወጣች ተባለ እንጂ ገዛች አልተባለም። መንገድ ላይ ልትቀር ትችላለች።»

ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ደብተሬን በመዳፌ ሸፈንኩ። ደብተሬ ላይ የራሴን ምሳሌ ጽፌ ነበርና። «ትርንጎ ወንት ቱ ቤሩት ቱ ወርክ» ይላል። ልትሠራ ወደ ቤሩት ሄደች።

ትርንጎ እህቴ ናት፤ ታናሼ። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ገነተ ማርያም አጠገብ ሁለታችን ብቻ ነበርን ያደግነው። እሷ ቤሩት ከገባች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። በየሳምንቱ እሑድ ትደውል ነበር። የመጨረሻውን ስልክ ከደወለች ግን ሁለት ሳምንት አልፎ ሦስተኛው ተጋምሷል። ስደውል ይጠራ ይጠራና አንዲት ሴት በዓረብኛ የሆነ ነገር ትለኛለች፤ ምን እንደምትል አላውቅም፤ ድምፅዋ ግን ያዘነች ሴት ድምፅ አይመስልም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ክፉ ነገር ከአፌ ከወጣ የሚሆን እየመሰለኝ ነው። ጭንቅ ሲለኝ ወደ ደብተሬ እሸሻለሁ።

መምህር ታዲያ የቤት ሥራ ሰጡን። ሃያ ዓረፍተ ነገር፣ ስለ ሃያ እውነተኛ ሰው። «ከመጽሐፍ እንዳትገለብጡ፤ ሰው ጠይቁ። ወዴት እንደሚሄድና ምን ሊያደርግ እንደሚሄድ። ሰኞ ፈታኙ ይህንኑ ነው የሚጠይቃችሁ» አሉ።

እዚህ ላይ የላስታን ሰው የማያውቅ አንባቢ «ታዲያ ምን ችግር አለው?» ይል ይሆናል። በእኛ አገር መንገደኛን አስቁሞ «ወዴት ነህ? ለምን?» ማለት ነውር ነው። ጉዳዩን ያሰናክልበታል። ሰላምታ ትሰጠዋለህ፣ «ለደኅና ነው?» ትለዋለህ፣ «ለደኅና» ይልሃል፣ ታልፋለህ። ምሥጢሩን በጉያው ይዞ ይሄዳል። እኔም ይህንን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ሐሙስ ጠዋት ደብተሬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ሰው ከብልባላ አህያ የጫነ ገበሬ ነበር። «ለደኅና ነው?» አልኩት። «ለደኅና» አለኝ። «እሱስ ይሁን፤ ግን ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት። ሰውየው አየኝ፣ ደብተሬን አየ፣ አህያውን ከነጭነቱ አዙሮ በሌላ መንገድ ወረደ። ሁለተኛዋ ባዶ ጀሪካን የያዘች ሴት ናት። እሷ የመለሰችልኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ደብተሬ ላይ ግን «እኔን ልትሰድብ ወጣች» ብዬ በትክክለኛ እንግሊዝኛ አስፍሬዋለሁ። ሦስተኛው አካፋ ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል የሚጣደፍ ሰው ነበር።

«ወንድሜ፣ አካፋው ለምንድን ነው?»

ቆመ። ከእግር እስከ ራሴ ለካኝና «ላንተ አይደለም፤ አትቸኩል» ብሎኝ ሄደ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሆነ። ቤተ ክርስቲያኖቹ ለምሳ ይዘጋሉ፤ ጎብኚው ወደ ሆቴሉ፣ ካህኑ ወደ ቤቱ ይበተናል። በዚያ ሰዓት ከግቢው ውስጥ የሚቀር ሰው የለም። ቀትር ነው፤ ጥላ እንኳ ሰውን ጥሎ እግር ሥር የሚደበቅበት ሰዓት። እናቶቻችን በቀትር ገደል ዳር አትቁሙ፣ ውሃ ዳር አትቀመጡ እያሉ ነው ያሳደጉን፤ ቀትር የሚመታ ነገር አለው። እኔ ግን አስራ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር ቀርቶኛል።

ከአለቱ ግድግዳ ውስጥ ጉድጓዶች አሉ። በውስጣቸው ድሮ ለመሳለም መጥተው እዚያው ያረፉ ሰዎች ተጋድመዋል፤ ደርቀዋል። ከአንዱ ጉድጓድ ጥንድ እግር ወጣ ብሎ ይታያል። ስድስት ዓመት ሙሉ እኒያን እግሮች እንደ ባልደረባ ነበር የማያቸው፤ በዚያ ግቢ ጫማቸውን የማልጠብቅላቸው እነሱ ብቻ ናቸውና። እነዚህ አይሰድቡኝም፣ አህያ አያዞሩብኝም ብዬ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ጫማዬን አወለቅሁ፤ ደብተሬን ገለጥኩ።

«ዋይ ዲድ ዩ ካም?» አልኳቸው ጮክ ብዬ። ለምን መጣህ?

ራሴው ደግሞ ድምፄን አወፍሬ መለስኩ፤ «አይ ኬም ቱ ፕሬይ።» አለቱ ተቀብሎ «ፕሬይ… ፕሬይ…» አለ። ደስ አለኝ። አሁንም ሌላ ጠየቅሁ። «አይ ኬም ቱ ስሊፕ።» አለቱ «ስሊፕ» አለ። ሃያውን እዚሁ ልጨርስ ነው። አንዱን ግን ሳላስበው «አይ ኬም ቱ ዳይ» ብዬ ጻፍኩና እርሳሱ ከእጄ ወደቀ። ልጸልይ የመጣውም፣ ልተኛ የመጣውም፣ ሁሉም ያው እዚያ ተጋድሟል። ማንም ከቤቱ ሲወጣ ለዚህ ነው ብሎ አልወጣም። ትርንጎ ትዝ አለችኝ። እያለቀስኩ እግሮቹን በእንግሊዝኛ እጠይቅ ጀመር፤ «ዋይ? ዋይ?»

በዚህ ጊዜ ነው በአማርኛ የተጠየቅሁት።

«ልጄ፣ ለምን መጣህ?»

ድምፁ ቀጭን ነው፣ ያረጀ ነው፣ ከአለቱ ውስጥ ነው የሚወጣው። እግሮቹን አየሁ፤ አልተንቀሳቀሱም። ቀና አልኩ። በአለቱ ውስጥ ከተቆፈረው መግቢያ ቦይ አፍ ላይ፣ ከፀሐይ ጋር፣ ነጭ የለበሰ ነገር ቆሟል። ፊት የለውም። ፊቱ ሊኖር የሚገባው ቦታ ላይ ፀሐይ ናት ያለችው። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። እቤቴ ስደርስ ነው ባዶ እግሬን መሆኔን ያየሁት። የዓለምን ጫማ የሚጠብቅ ሰው የራሱን ጥሎ ሮጠ።

ከዚያ ወዲያ ነው ሰፈሩ የተለወጠብኝ።

የተከራየሁት ቤት ባለቤት እትየ ዝናሽ ናቸው። ከእሳቸው ጋር ስለ አምፖልና ስለ በር መዝጊያ ካልሆነ በቀር ተነጋግረን አናውቅም፤ «አምፖሉን ስንቴ ልንገርህ» ይሉኛል፣ «አጥፍቼዋለሁ» እላቸዋለሁ፤ ይኸው ነው ወሬያችን። ዓርብ ጠዋት ግን በሬን ቀስ ብለው ከፍተው «እንዴት አደርክልኝ የኔ ዓለም?» አሉኝ። ክው አልኩ። በትሪ ሽሮ ይዘዋል። «ብላ፤ ሥራ ዛሬ ይቅርብህ፤ እህል በጥቂቱም ቢሆን ቅመስ» አሉኝ። ስበላ ቆመው አዩኝ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሽንኩርት ነው እንዳልል የሽንኩርቱ ቢላዋ ከቦታው የለም። ግቢው ውስጥ የልብስ ማስጫው ገመድም የለም። መጥረቢያውም የለም።

ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ ሙዚቃውን ከፍቶ ሰፈር የሚቀሰቅስ ልጅ ነው። እኔን ሲያይ አጠፋው። መንገዱን ሳይሆን በመስታወቱ እኔን እያየ ነዳ። ሱቅ ጋ ሦስት ሴቶች ያወሩ ነበር፤ ስደርስ ዝም አሉ፤ ካለፍኩ በኋላ አንደኛዋ «ምስኪን፣ ልጅ እኮ ነው» ስትል ሰማሁ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለጎረቤት ነው፤ የሚያውቀው ሁሉ ያውቃል፣ ባለ ሐዘኑ ብቻ አያውቅም። እህል ያስቀምሱታል። ያስተኙታል። ራሱን እንዳይጎዳ ስለት ይሸሽጋሉ። ሙዚቃ ይጠፋል። ከዚያ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎችና ካህኑ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ይቆማሉ። እኔም ሁለት ጊዜ ከቆሙት ጋር ቆሜአለሁ፤ ከኋላ፣ እጄን አጣምሬ፣ መሬት መሬት እያየሁ። በሩን የከፈተችውን ሴትዮ እግር ብቻ ነበር የማየው። ስለዚህ ነገሩን ከውስጥ ነው የማውቀው።

ትርንጎ ሞታለች። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ወደ ማታ ገደማ እትየ ዝናሽን ጠየቅኋቸው። «እትየ፣ የሆነ ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

«ምን ይኖራል? ደሞ ምን ሊኖር!» አሉ፤ በጣም ፈጥነው ነው ያሉት። «ነገ ጠዋት እንግዳ ይመጣል። አንተ ብቻ አትደንግጥ።»

«ለምን ነው የሚመጡት?»

«ለደኅና ነው» አሉ።

እንግዲህ ሐሙስ ሰውን ስጠይቅ የዋልኩት ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ሰዎች በጉያቸው የሚይዙት ነገር ለምን እንደሚደበቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ደብተሬን ትራሴ ሥር ከትቼ ተጋደምኩ፤ እንቅልፍ የሚባል ግን አልጎበኘኝም።

ቅዳሜ ሰማዩ ግራጫ ሲሆን እግር ሰማሁ። የብዙ ሰው እግር፣ ግን ቀስ ያለ። በበሩ ሽንቁር አየሁ። ካህኑ አባ ተክሌ መስቀላቸውን ይዘው ፊት ቆመዋል። አጠገባቸው አንዲት መነኩሲት። ከኋላ እትየ ዝናሽ። ከእሳቸው ኋላ አራት ትከሻ ሰፊ ጎልማሶች። ስወድቅ የሚይዙኝ ናቸው አልኩ። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል፣ ሁሉም መሬት ያያሉ። ሳያንኳኩ ከፈትኩላቸው።

«እንዴት አደርክ ልጄ?» አሉ አባ ተክሌ።

«ይንገሩኝ፣ አባ።»

«ምኑን?»

«ለምን እንደመጣችሁ አውቄዋለሁ።»

እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ጎልማሳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ያውቃል!» አለ በሹክሹክታ።

ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። «ወይኔ ትርንጎ! ወይኔ ትርንጎዬ!» ብዬ ደረቴን መትቼ መሬት ላይ ወደቅሁ።

«ስሙን ተናገረ!» አሉ መነኩሲቷ።

«ሴት ናት በላ!» አለ ጎልማሳው። አራቱም አንድ ላይ ተረባርበው ያዙኝ። ሐዘንተኛ ሲያዝ ክንዱ ነው የሚያዘው፤ እኔን ግን አንዱ ሁለት እግሬን አቅፎኛል። ይህ ለምን አስፈለገ ብዬ ላስብ ሞከርኩ፤ ማሰቢያ አልነበረኝም።

መንገዱ ወደ ታች ነው። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው በኩል ወረድን። አባ ተክሌ በለሆሳስ ይደግማሉ። ከታች ሸለቆው ጉም ጠጥቶ ተኝቷል፤ ካልታየ ቦታ ውሻ ይጮኻል። ገባኝ፤ ሬሳዋ በጠዋቱ አውሮፕላን መጥቷል። እህቴን በሳጥን ልቀበላት ነው የሚወስዱኝ። አልራመድም ብዬ ተቀመጥኩ፤ ተሸከሙኝ። መንገዱን ትተን በግራ በኩል ወደ ቁልቁለቱ ስንገባ ግን ግራ ገባኝ። በዚያ በኩል ምንጭ እንጂ አውሮፕላን የለም።

ጠበሉ ጋ ሰልፍ አለ። ለእኔ ሰልፉን ከፈቱልኝ፤ እንዲህ ያለ ክብር በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም። ልብሴን አወለቁብኝ። ውሃው ከአለቱ ሥር የሚወጣ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይቆጥራል። ራሴ ላይ ሲወርድ ትንፋሼ ቆመ። አባ ተክሌ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳርፈው በመቁጠሪያቸው ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁ፤

«ትርንጎ! ለምን መጣሽ? ለምን ገባሽበት? ተናገሪ!»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሳምንቱን ሙሉ «ለምን» በተባለ ቁጥር አፌ በራሱ የሚመልሰው አንድ ነገር ነው። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ፣ ዓይኔ ተጨፍኖ፣ ከሆዴ ውስጥ ወጣ፤

«አይ ኬም… ቱ… ፓስ… ዘ ኤግዛም!»

ጠበልተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ አማተበ።

«የፈረንጅ ነው!» አለች አንዲት ሴት። «ብየ ነበር! የዚያን ሁሉ አገር ጫማ ሲነካካ ተጫማው ነው የገባበት!» ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነት ለመናገር ለአፍታ እኔም አመንኳት። አንድ ሰማያዊ ስኒከር ከመጀመሪያውም አልጣመኝም ነበር።

«በቃሽ!» አሉ አባ ተክሌ። «ተዚህ ልጅ ላይ ውጪ! ትርንጎ፣ ሂጂ! ዳግም ላትመለሺ ማይ!»

ይህን ስሰማ ውሃውም፣ ብርዱም፣ ሰዉም ጠፋብኝ። እህቴን ነው የሚያባርሩት። በመስቀል፣ በስሟ ጠርተው፣ ላትመለስ እያስማሏት ነው።

«አትማይ!» ብዬ ጮህኩ። «ትርንጎ፣ አትማይ! አይሆንም! ተመለሺ! ትርንጎ፣ ተመለሺ!»

እሳቸው «ላትመለሺ!» ይላሉ፣ እኔ «ተመለሺ!» እላለሁ፤ አለቱ የሁለታችንንም ቃል እየደባለቀ ይመልሳል። እንዲህ ያለ ግትር ጋኔን አይተን አናውቅም ብለው አሁንም ድረስ የሚያወሩ አሉ። ጎልማሶቹ አራት ሆነው አልቻሉኝም።

ከሰልፉ መሐል፣ ነጠላ ያገለደመ፣ በአንድ እጁ ወገቡን የያዘ ሽማግሌ ብቅ አለ።

«ቆዩ! ይፍቱኝ አባ፣ አንድ ጊዜ ቆዩ! ይህ ዓረፍተ ነገር የእኔ ነው!»

መምህር ታረቀኝ ናቸው። ወደ ውሃው ገብተው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ተማሪዬ ነው» አሉ። «ሰኞ ፈተና አለው። ለምን መጣህ ተባለ፣ ፈተናውን ላልፍ አለ። ምንም ስሕተት የለበትም።» ከዚያ እዚያው ውሃ ውስጥ ቆመው ስለ ሁለቱ «ቱ»፣ ስለ ሃያው ሰው፣ ራቁቱን ስለሚቆመው ግስ ለጠበልተኛው ማስተማር ጀመሩ። ጠበልተኛውም እርቃኑን ሆኖ በትዕግሥት አዳመጣቸው።

መነኩሲቷ ተጠጉኝ። ድምፃቸውን ስሰማ አወቅኋቸው። «ሐሙስ በቀትር ከሙታኑ ጋር ስታወራ ያየሁህ እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ። «ቀትር መታው ብዬ ለአባ የነገርኩትም፣ ጫማህንም ያነሣሁልህ እኔው ነኝ። እሱስ ይሁን፤ ትርንጎ ማናት ታዲያ?»

«እህቴ ናት» አልኩ። «ሞታ አይደለም እንዴ? ልታረዱኝ አይደለም የመጣችሁት?»

ማንም አልሳቀም። እትየ ዝናሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ኧረ በላሊበላ!» አሉ። «እኛ ማንን እናውቃለን? እህት እንዳለህስ መች ነገርኸን?»

ስለዚህ ማንም ምንም አያውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አለኝም፣ ለጥቂት ጊዜ። ከዚያ ያው የድሮው ፍርሃቴ ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው፣ አንድ ስልክ የለም። ነገርኳቸው። የመንደሩን ሰው ሁሉ ለምን ከቤትህ ወጣህ እያልኩ ስጠይቅ፣ የራሴን ለአንድ ሰው አልተናገርኩም ነበር።

አባ ተክሌ መቁጠሪያቸውን ወደ ጉያቸው ከተቱ። ፊታቸው ጠቁሯል። እኚያ ሰው የሚናገሩት ቃል እንደሚሠራ ከልባቸው የሚያምኑ ናቸውና አሁን የፈሩት እሳቸው ነበሩ። መስቀላቸውን ውሃ ውስጥ ነከሩ።

«እኔ ያልኩት ጋኔኑን ነው» አሉ ወደ አለቱ ዞረው። «ያችን ልጅ አላልኩም። ያልኩትን አንሥቻለሁ። ትርንጎ ትመለስ።» ሦስት ጊዜ ደገሙት። ሰዉ ሦስት ጊዜ «አሜን» አለ። አለቱ ዘግየት ብሎ «ትመለስ» አለ፤ ማናችንም ባልጮኽነው ቀጭን ድምፅ የመሰለኝ ግን ከብርዱ ይሆናል።

ያን ቀን ጋኔን ሊያስወጡልኝ የመጡት ሰዎች አልሄዱም። ቤቴ ገብተው ተቀመጡ፤ መቀመጫ ያጣው ቆመ። ቢላዋውና ገመዱ ተመለሱ። ሁሉም ቁጥሯን እየተቀበለ በየራሱ ስልክ ሞከረ፤ ያቺ ሴትዮ ለእያንዳንዳችን በዓረብኛ መለሰችልን። እሑድ ደግሞ ጉድ መጣ። መንገድ ላይ ሰው እያስቆመኝ ጉዳዩን ሳልጠይቀው ይነግረኝ ጀመር። «ጻፍ፤ ምሥር ላስፈጭ ነው» ይለኛል አንዱ። ባለ አካፋው እንኳ አስቁሞኝ የውሃ መውረጃ ሊቆፍር እንደነበር ነገረኝና ይቅርታ ጠየቀኝ። እስከ ማታ ሃያውም ሞላ።

ሰኞ ፈተናው ቦታ ተራዬን ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው የውጭ ቁጥር ነው። በዚያው ቅጽበት በሩ ተከፍቶ ስሜ ተጠራ። ተነሣሁና ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ግቢው ወጣሁ።

«አለሁ» አለችኝ፤ ከሰላምታዋ በፊት። ትርንጎ ናት። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቶሎ ቶሎ ነው የምታወራው። ስልኳን ወስደውባታል፤ ይህ የሌላ ልጅ ስልክ ነው፤ ማድ ቤት ሆና ድምፅዋ እንዳይሰማ ቧንቧ ከፍታ ነው የምታወራኝ።

«ቅዳሜ ጠዋት ጠርተኸኛል?» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ዕቃ ሳጥብ ስሜን ሰማሁ። ሰው ሁሉ ተኝቷል። ያንተ ድምፅ ነው፤ አይደለም ብለው ቢምሉልኝ እንኳ አልቀበልም። ፈራሁና አቤት ሳልል ቀረሁ።»

ከውስጥ ስሜ ለሁለተኛ ጊዜ ተጠራ፤ እኔም አቤት ሳልል ቀረሁ፤ ያ የፈተና ዙር እንዲሁ አለፈኝ።

«ለምን ነበር የጠራኸኝ?» አለች።

«እንድትመለሺ።»

ውሃው ይፈሳል። ከዚያ ቧንቧውን ስትዘጋው ሰማሁ።

«እስቲ ድገመው» አለችኝ።

ደገምኩላት።